ጀሶ ይሞላል እንጂ አይሸከምም፦ የተበሳ የጂፕሰም ቦርድ ኮርኒስ አጠጋገንና ሳይንሱ

በአገራችን ከተሞች የቤት ኮርኒስ በየዘመኑ መልኩን ሲለዋውጥ ኖሯል። በአንድ ወቅት አቡጀዴ ይወጠር ነበር፤ ቀጥሎ ችፑድ መጣ፤ ዛሬ ደግሞ በአዳዲስ ቢሮዎች፣ ሱቆችና መኖሪያ ቤቶች ውስጥ በብዛት የምናየው ጂፕሰም ቦርድ ነው። አቡጀዴ ሲቀደድ በመርፌና በክር ይጣፋል። የችፑድ ሰሌዳ ሲበላሽ ተነቅሎ በሌላ ይተካል። ጂፕሰም ቦርድ ሲበሳ ግን አብዛኛው ሰው ወዲያው የሚያስበው ጀሶ በጥብጦ ቀዳዳውን መድፈን ነው። ሥራው ለጊዜው ያማረ ይመስላል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን በድፍኑ ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይወጣል፤ ይባስ ብሎም ድፍኑ እንዳለ ተላቆ ይወርዳል።

ይህ የሚሆነው ጀሶው መጥፎ ስለሆነ ነውን? ወይስ የሠራተኛው እጅ ስላልሠለጠነ? ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ከሁለቱም አይደለም፤ ጀሶ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ካለመለየት የሚመጣ ነው። ጉዳዩ ደግሞ የውበት ብቻ አይደለም። ኮርኒስ ከሰው አናት በላይ የተንጠለጠለ ክብደት ስለሆነ፣ በአጠጋገኑ የሚፈጠር ጉድለት ውሎ አድሮ የሚያርፈው በሰው ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ ከማዕድኑ ኬሚስትሪ ተነስተን እስከ ጥገናው ተግባር ድረስ ያለውን መንገድ በቅደም ተከተል ለመዳሰስ እንሞክራለን።

በሁለት ወረቀት መካከል ያለ ድንጋይ

ጂፕሰም በተፈጥሮ የሚገኝ ማዕድን ነው። በኬሚካዊ ይዘቱ ካልሲየም ሰልፌት ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ የካልሲየም ሰልፌት አሐድ 2 የውሃ ሞለኪውሎችን በክሪስታሉ ውስጥ ይዞ ይገኛል። ለስላሳ ከሚባሉት ማዕድናት አንዱ ነው፤ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ ደረጃው 2 በመሆኑ በጥፍር ይጫራል። ማዕድኑ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚጓዝ ሰው የአባይን ሸለቆ ሲወርድ ጂፕሰም ያለበትን የድንጋይ ንብብር አቋርጦ ያልፋል። በሸለቆው አፋፍ ባለችው በጎሐ ጽዮን ከተማ ስም የተሰየመው ይህ ንብብር፣ በጁራሲክ ዘመን አካባቢውን ሸፍኖት የነበረው ጥልቀት የሌለው ባሕር ውሃው እየተነነ ሲሄድ ያስቀረውን ጂፕሰም በውስጡ ይዟል።

ጂፕሰም ቦርድ የዚህ ማዕድንና የወረቀት ጥምረት ነው። አሜሪካዊው ኦገስቲን ሳኬት እ.ኤ.አ. በ1894 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት፣ ጀሶና ወረቀት በመደራረብ የተሠራ ሰሌዳ የዛሬው ጂፕሰም ቦርድ ቀዳሚ ተደርጎ ይቆጠራል። ዛሬ የምናውቀው ሰሌዳ መካከሉ የጠጠረ ጂፕሰም፣ ሁለት ፊቱ ደግሞ ጠንካራ ወረቀት ነው። ወረቀቱ የተለጠፈው ለቀለም እንዲመች ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖራል። እውነቱ ግን ሌላ ነው።

በሁለት ጫፉ ተደግፎ በአግድም የተቀመጠ ማንኛውም ሰሌዳ በራሱ ክብደት በትንሹም ቢሆን ወደ ታች ይጎብጣል። በሚጎብጥበት ጊዜ የላይኛው ፊቱ ይጨመቃል፤ የታችኛው ፊቱ ይሳባል። ጂፕሰም እንደ ማንኛውም ድንጋይ መጨመቅን በሚገባ ይችላል፤ መሳብን ግን አይችልም፤ ተሰንጥቆ ይሰበራል። መሳቡን የሚሸከመው ወረቀቱ ነው። አያቶቻችን ለግድግዳ ልስን ጭቃ ሲያቦኩ የጤፍ ጭድ የሚጨምሩት በዚሁ ምክንያት ነበር፤ ጭቃው ይሞላል፣ ጭዱ ደግሞ አንዱን ከአንዱ ጎትቶ ይይዛል። ስለዚህ ጂፕሰም ቦርድ ሲበሳ የጎደለው ድንጋዩ ብቻ አይደለም። የሚሸከመው ወረቀትም ተቆርጧል። ቀዳዳውን በጀሶ ብቻ መሙላት ጭድ በሌለው ጭቃ እንደ መለሰን ይቆጠራል።

ውሃውን ያጣ ድንጋይ፣ ውሃውን ያገኘ ድንጋይ

ከሱቅ የምንገዛው ነጭ ዱቄት ጂፕሰም ሳይሆን ውሃው በሙቀት የተቀነሰለት ጂፕሰም ነው። የዚህን ነገር ምሥጢር በሳይንሳዊ መንገድ ከመረመሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ፈረንሳዊው አንቷን ላቯዚየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1765፣ ገና የ21 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ባቀረበው ጥናት፣ ጂፕሰም ሲሞቅ የሚለቀው ውሃ መሆኑንና የተቃጠለው ዱቄት መልሶ ሲጠጥር ውሃውን እንደሚወስድ አሳይቷል። ለዚህ ያበቃው ዋነኛ መሣሪያ ሚዛን ነበር።

እኛም ስሌቱን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ኬሚስትሪ ልንሠራው እንችላለን። የአንድ ሞል ጂፕሰም ክብደት 172 ግራም ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ 36 ግራሙ ውሃ ነው፤ ማለትም ከድንጋዩ 21 በመቶ የሚሆነው ውሃ ነው። ጂፕሰም ከ120 እስከ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ሲቃጠል ከውሃው ሦስት አራተኛውን ያጣና 145 ግራም ዱቄት ይቀራል። ጀሶ የምንለው ይህ ነው። ዱቄቱ ወደ ድንጋይነቱ እንዲመለስ ያጣውን 27 ግራም ውሃ መልሶ ማግኘት አለበት። በሌላ አነጋገር ለ100 ግራም ጀሶ 19 ግራም ያህል ውሃ ይበቃል ማለት ነው።

በዚህ መጠን ብቻ የተለወሰ ጀሶ ግን ደረቅ ስለሚሆን በእጅ አይታዘዝም። ስለዚህ በተግባር ለ100 ግራም ጀሶ ከ60 እስከ 80 ግራም ውሃ ይጨመራል። ትርፉ ውሃ በክሪስታሉ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ቀስ በቀስ ይተናል፤ በነበረበትም ቦታ ባዶ ቀዳዳዎችን ትቶ ይሄዳል። ውሃ የበዛበት ጀሶ ሲደርቅ እንደ ጠመኔ የሚፈረፈረው ለዚህ ነው።

አጠጣጠሩን በተመለከተ ትልቁን ማብራሪያ የሰጠው ሌላው ፈረንሳዊ ኬሚስት ሄንሪ ለ ሻተልየ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. በ1887 ነበር። በክፍል ሙቀት አንድ ሊትር ውሃ 8 ግራም ያህል ጀሶ ሊያሟሟ ይችላል። ጂፕሰምን ግን ከ2 ግራም ብዙም የማይበልጥ ነው የሚያሟሟው። ስለዚህ ዱቄቱ በውሃ ውስጥ ሲሟሟ፣ መፍትሔው ለጂፕሰም ከአቅም በላይ የጠገበ ይሆናል። ትርፉ ጂፕሰም በቀጫጭን የመርፌ ቅርጽ ክሪስታል እየሆነ ይወጣል፤ መርፌዎቹም እያደጉ እርስ በርሳቸው ይጠላለፋሉ። የጀሶ ጥንካሬ የሚመነጨው ከዚህ መጠላለፍ ነው።

ከዚህ ማብራሪያ ለጥገና ሥራ የሚጠቅሙ ሦስት ቁም ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛ፣ መጠጠር የጀመረ ጀሶ ውሃ ተጨምሮበት ቢማሰል የተጠላለፉት መርፌዎች ይሰባበራሉ እንጂ ጀሶው አይታደስም። ሁለተኛ፣ በባልዲ ውስጥ የቀረ የድሮ ጀሶ ለአዲሱ የክሪስታል ዘር ሆኖ አጠጣጠሩን ያፋጥነዋል፤ ልምድ ያለው ሠራተኛ ባልዲውን በየጊዜው የሚያጥበው በከንቱ አይደለም። ሦስተኛና ዋነኛው ደግሞ፣ መርፌዎቹ የሚጠላለፉት አብረዋቸው ካደጉት ጋር መሆኑ ነው። ቀደም ብሎ ከጠጠረው፣ አቧራና ቀለም ከለበሰው የቀዳዳ ጠርዝ ጋር አዲሱ ጀሶ አንድ ድንጋይ አይሆንም፤ በሸካራነቱ ላይ ተለጥፎ ይቆያል እንጂ። በግድግዳ ላይ ይህ መለጠፍ ሊበቃ ይችላል። በኮርኒስ ላይ ግን ክብደቱ ሁሉ ሌሊትና ቀን ወደ ታች ስለሚጎትት፣ በር በተዘጋ ቁጥር ሰሌዳው ስለሚርገበገብ፣ መለጠፉ ቀስ እያለ ይላቀቃል።

በቅድሚያ፦ ቀዳዳው ከየት መጣ?

አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይላሉ። ምክሩ ለጀሶ ልውስ በትክክል ይሠራል፤ ለኮርኒሱ ግን በከፊል ብቻ ነው የሚሠራው። ችግሩን በቅርቡ መያዝ ይገባል፤ በእርጥቡ መድፈን ግን አይገባም።

ቀዳዳው የመጣው ዕቃ ሲገባ በተመታ፣ መብራት ሲነቀል ወይም የኤሌክትሪክ መስመር ሲፈለግ ከሆነ ጉዳዩ ቀላል ነው። በዙሪያው ቡናማ ቀለበት፣ ያበጠ ቀለም ወይም የሻጋታ ሽታ ካለ ግን ምንጩ ውሃ ነው። ምናልባት ከቆርቆሮው ምስማር ሥር የሚገባ የክረምት ዝናብ፣ ምናልባትም ከላይኛው ፎቅ መታጠቢያ ቤት የሚያፈስ ቧንቧ ሊሆን ይችላል። ጂፕሰም በውሃ ስለሚለሰልስና በጥቂቱም ስለሚሟሟ፣ ወረቀቱም ሲረጥብ ጉልበቱን ስለሚያጣ፣ የራሰ ሰሌዳ ሁለቱንም ደጋፊዎቹን በአንድ ጊዜ ያጣል።

እዚህ ላይ ክብደቱን ማስላት ይጠቅማል። ስፋቱ 1.20 በ2.40 ሜትር፣ ውፍረቱ 12.5 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ሰሌዳ 25 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ግራም ነው። ስለዚህ ከሰሌዳው በላይ 10 ሊትር ውሃ ቢጠራቀም ክብደቱ በ40 በመቶ ይጨምራል፤ ይህም የሚሆነው የሰሌዳው ጉልበት በቀነሰበት ሰዓት ነው። ወደ ታች ያበጠ ኮርኒስ ከታየ ከሥሩ መቆም፣ መተኛት ወይም ሕፃናትን ማስቀመጥ አይገባም። በመጀመሪያ የክፍሉ ኤሌክትሪክ ይጠፋል፤ ቀጥሎ የውሃው ምንጭ ይደፈናል፤ የራሰው ክፍል በጥንቃቄ ተቆርጦ ይወጣል፤ ከዚያም የቀረው ሁሉ እስኪደርቅ ይጠበቃል። በራሰ ኮርኒስ ላይ የተሠራ ድፍን አደጋውን አያስወግደውም፤ ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1977 በመንግሥት እስኪከለከል ድረስ አንዳንድ የመሙያና የመጠገኛ ልውሶች አስቤስቶስ ይጨመርባቸው ነበር። በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ከዚያ ዘመን በፊት የተሠራ ቤት ኮርኒስ ከመፋቃቸው በፊት ናሙናውን በባለሙያ ማስመርመር ይኖርባቸዋል።

ጥገናው በተግባር

የጥገናው ዓይነት በቀዳዳው መጠን ይወሰናል። የምስማር ቀዳዳ ከሆነ የተላቀቀው ወረቀት ተቆርጦ፣ አቧራው ተጠርጎ፣ ጠርዙ በውሃ ረጠብ ተደርጎ በስፓቱላ ጀሶ ቢሞላ ይበቃል። ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ጀሶው የሚሸከመው ክብደት የለም ማለት ይቻላል። ጠርዙን ማርጠብ ያስፈለገው ደረቅ ሰሌዳ እንደ ስፖንጅ ውሃ ስለሚመጥ ነው፤ ጀሶው ለክሪስታሉ የሚያስፈልገው 19 በመቶ ውሃ ከመጠጠሩ በፊት ከተመጠጠበት ግማሹ ዱቄት ሆኖ ይቀራል።

ቡጢ ከሚያህል መጠን ጀምሮ ግን ቀዳዳው ደጋፊ ይፈልጋል። አሠራሩም የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ከኮርኒሱ በላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም ቧንቧ አለመኖሩ ይረጋገጣል። ጠርዘ ብዙ የሆነው ቀዳዳ በትንሽ መጋዝ ተቆርጦ አራት ማዕዘን እንዲሆን ይደረጋል። ከቀዳዳው ርዝመት በሁለቱም በኩል 5 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚተርፉ ሁለት ቀጫጭን የእንጨት ዘንጎች በቀዳዳው ገብተው ከሰሌዳው ጀርባ ይጋደማሉ፤ ከታች በብሎን ይያዛሉ። ከዚያም በተመሳሳይ ውፍረት የተቆረጠ የጂፕሰም ቦርድ ቁራጭ፣ በዙሪያው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ቀርቶለት፣ በእነዚሁ ዘንጎች ላይ በብሎን ይታሰራል። የብሎኑ ራስ ከወረቀቱ ጥቂት ዝቅ ይላል፤ ወረቀቱን ግን መብሳት የለበትም፤ ምክንያቱም ሰሌዳውን ከመውደቅ የሚይዘው በብሎኑ ራስና በወረቀቱ መካከል ያለው መያያዝ ነው።

አሁን ክብደቱን የተሸከመው እንጨቱና ብሎኑ ነው። ለጀሶው የቀረለት ሥራ ክፍተቱን መሙላት ብቻ ነው፤ እርሱም የሚያውቀው ሥራ ይኸው ነው። በመጋጠሚያዎቹ ላይ ጀሶው ከገባ በኋላ የወረቀት ወይም የመረብ ጥብጣብ ይቀበርበታል። ጥብጣቡ የተቆረጠውን ወረቀት ይተካል፤ መሳቡን ይቀበላል። በኮርኒሱ ላይ ስንጥቁ ተመልሶ እንዳይወጣ የሚያደርገው ይህ ቀጭን ጥብጣብ ነው።

ቀዳዳው ከዚህም የሰፋ ከሆነ፣ የተጎዳው ሰሌዳ ኮርኒሱ እስከ ታሰረበት ሞራሌ ወይም ብረት ድረስ ተቆርጦ ይወጣል፤ አዲሱም ቁራጭ በቀጥታ በዚያው ላይ ይታሰራል። ሰፊ ሰሌዳ ከአናት በላይ ይዞ መሥራት የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ መሰላል የሚይዝ፣ ሰሌዳ የሚደግፍ ረዳት ያስፈልጋል።

መጠጠርና መድረቅ

ገበያ ላይ የሚገኙት መሙያዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ከላይ ያየነው ጀሶ ነው፤ በኬሚካዊ ለውጥ ይጠጥራል። በሚጠጥርበት ጊዜ በጣም በጥቂቱ ስለሚሰፋ ክፍተቱን አጥብቆ ይሞላል። ሁለተኛው በባልዲ ተለውሶ የሚሸጠው ዓይነት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የተፈጨ የኖራ ድንጋይና ማጣበቂያ ይዟል። ይህ አይጠጥርም፤ ውሃው ተንኖ ይደርቃል። ውሃው የነበረበት ቦታ ስለሚጎድል ደግሞ ይኮማተራል። ለጥልቅ ክፍተት ከተጠቀምንበት ይሰነጠቃል፤ ለመጨረሻው ስስ ልባስ ግን በቀላሉ ስለሚፋቅ የተሻለ ነው። ስለዚህ ከሥር ጀሶ፣ ከላይ የሚደርቀው ዓይነት ማድረግ የሁለቱንም ጥቅም ያስገኛል።

ልባሱ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይደረጋል፤ እያንዳንዱም ከቀዳሚው የሰፋ መሆን አለበት። ይህም ቀላል የጂኦሜትሪ ጉዳይ ነው። ዓይናችን ከፍታን ሳይሆን የብርሃንና የጥላ ለውጥን ነው የሚያየው። 1.5 ሚሊ ሜትር ከፍታ ያለው ጉብታ በ1 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ካበቃ ከመስኮት በአግድም የሚገባው ብርሃን ጥላ ይፈጥርበታል። ያው ጉብታ በ15 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢዘረጋ ግን ተዳፋቱ አንድ መቶኛ ብቻ ስለሚሆን ዓይን አይለየውም። ኮርኒሱን ፍጹም ጠፍጣፋ ማድረግ አይቻልም፤ ጉብታውን ማስፋት ግን ይቻላል።

በመጨረሻ በየብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። በዚህ ጊዜ መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ ግድ ነው፤ አቧራው በቀጥታ ወደ ዓይንና ወደ ሳንባ ይወርዳልና። ቀድሞ የውሃ እድፍ የነበረበት ከሆነ እድፉን የሚያፍን የዘይት ቀለም ቀድሞ ይቀባል፤ በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ብቻውን ከተቀባ ቡናማውን እድፍ አሟሙቶ እንደገና ወደ ላይ ያወጣዋል።

ቀዳዳው የማይታየው ጉዳት

«ውበቱ ካላሳሰበኝ ቀዳዳውን ብተወውስ?» የሚል ሊኖር ይችላል። ለዚህ መልስ የሚሰጠን በክሪስታሉ ውስጥ ያለው ውሃ ነው። ቀደም ብለን 25 ኪሎ ግራም ያልነው ሰሌዳ፣ ደረቅ ሆኖ ሳለ፣ በድንጋዩ ውስጥ 5 ኪሎ ግራም ገደማ ውሃ ይዟል። እሳት በተነሳ ጊዜ ይህ ውሃ እየተለቀቀ ይተናል። 5 ኪሎ ግራም ውሃ ለማትነን ብቻ ከ11 ሜጋጁል በላይ ሙቀት ያስፈልጋል። ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ የሰሌዳው ጀርባ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እምብዛም አይርቅም፤ ከበላዩ ያለው እንጨትም ለዚያ ያህል ጊዜ ከመቀጣጠል ይድናል። ለሰዎች መውጫ የሚሆኑት ደቂቃዎች እነዚህ ናቸው። ኮርኒሱ ከተበሳ ግን ነበልባሉና ጭሱ ሰሌዳውን ሳይነካ በቀዳዳው አልፎ ወደ ጣሪያው ይደርሳል። የቀረው ሰሌዳ ምንም ያህል ደህና ቢሆን ጥቅሙ ይቀንሳል።

ለተማሪዎች የቀረበ ሙከራ

በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ሊሠራ የሚችል ቀላል ሙከራ እንጠቁም። በሦስት የወረቀት ኩባያዎች ውስጥ 100፣ 100 ግራም ጀሶ ይለካ። ለመጀመሪያው 70 ግራም ንጹሕ ውሃ፣ ለሁለተኛው ተመሳሳይ ውሃና አንድ ቁንጥር ተፈጭቶ የደቀቀ የድሮ ጀሶ፣ ለሦስተኛው ተመሳሳይ ውሃና ጥቂት የሎሚ ጭማቂ ይጨመር። በእያንዳንዱ ውስጥ ቴርሞ ሜትር በፕላስቲክ ተሸፍኖ ይቀመጥና ሙቀቱ በየ2 ደቂቃው ይመዝገብ። የድሮው ጀሶ ያለበት ቀድሞ ሲሞቅና ሲጠጥር፣ ሎሚ ያለበት ሲዘገይ ይታያል፤ ሲትሪክ አሲድ የክሪስታሎቹን እድገት ያዘገያልና። ከሳምንት በኋላ፣ ሲደርቁ፣ ሦስቱንም መዝኖ ትርፉ ውሃ ስንት እንደነበረ ማስላት ይቻላል። ላቯዚየ የሠራው ሥራ በመሠረቱ ከዚህ የራቀ አልነበረም።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ጀሶ ሲጠጥር ሙቀት ያወጣል፤ ብዛት ያለው ጀሶ ደግሞ ቆዳ ሊያቃጥል የሚችል ሙቀት ያጠራቅማል። እ.ኤ.አ. በ2007 በእንግሊዝ አንዲት ተማሪ የእጇን ቅርጽ ለማውጣት በጀሶ ልውስ ውስጥ እጇን ነክራ በደረሰባት ቃጠሎ አብዛኞቹን ጣቶቿን አጥታለች። እጅን በጀሶ ውስጥ ነክሮ ማቆየት በፍጹም አይገባም።

በአጠቃላይ፣ ውድ አንባብያን፣ የኮርኒስ ቀዳዳ ሦስት ጥያቄዎችን ያቀርብልናል። ምን በሳው? ክብደቱን ማን ይሸከም? ክፍተቱን ምን ይሙላ? ብዙ ጊዜ ድፍን የሚወድቀው ሦስተኛውን ጥያቄ ብቻ መልሰን የፊተኞቹን ሁለቱን ስለምንዘላቸው ነው። መሰላል ከመውጣታችን በፊት ሦስቱንም በቅደም ተከተላቸው ብንመልስ፣ ጀሶው የቻለውን ይሠራል፤ እንጨቱና ጥብጣቡም የቀረውን ይሸከማሉ።